ፈንታሁንና የተቆለፈው ቦኖ

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደጃችን ላይ ተቀምጠን ድንች እንልጥ ነበር። ባለቤቴ ፈንታሁን ድንች ሲልጥ አይቸኩልም፤ ልጣጩን ሳይበጥስ ከላይ እስከ ታች እንደ ክር ያወርደዋል። እኔ ቶሎ ቶሎ እየቆረጥሁ እጥላለሁ።

“ግማሹን ድንች ለላም ሰጠሽው” አለኝ።

“ላም የለንም።”

“በሬ አለን።”

በሬስ ነበረን። ጓሮ ታስሮ የሚቀለብ፣ መንገደኛ ሁሉ ቆም ብሎ የሚያየው ሰንጋ።

በዚህ መሃል ከአስፋልቱ በኩል የድምፅ ማጉያ መጣ። መኪና ላይ ባነር ወጥረው ለወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ቤት ማሠሪያ እያሉ ይለምናሉ። የፈንታሁን ቢላ ቆመ።

“ልትጠይቃቸው ልትሄድ ነው?” አልሁት።

“እኔ? ድንች እየላጥሁ አይደል እንዴ?” አለ። እግሮቹ ግን ጫማቸውን እየፈለጉ ነበር።

ሄዶ ተመለሰና ቢላውን አነሣ።

“ምን አሉህ?”

“ቤቱ የት ነው የሚሠራው ብላቸው መሬቱ ገና ነው አሉ። ሕፃናቱስ ብላቸው እነሱም ገና ናቸው አሉ።”

“ታዲያ ምን አላቸው?”

“ማጉያው አላቸው።”

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ስለ ትናንቱ ተዝካር አወራን። እሑድ ጎረቤት ዘንድ ተጠርተን ሥጋ በልተን ነበር። “ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ የራበው አላየሁም። እኔ ራሴ ጠግቤ ነው የሄድሁ” አለኝ። አንዱን ድንች ጨርሶ ሌላ አነሣና፣ “የእኔን አርባ የጠገበ ሰው እንዳይበላው” አለ።

“ለማን እንስጠው ታዲያ?”

ቢላውን ወደ ላይ ይዞ ትንሽ አሰበ። “እሱን ገና እያጣራሁ ነው።”

ማክሰኞ ጠዋት ካልሲውን ሊያጠልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አንዱን አጠለቀ። ሁለተኛውን እንደያዘ ቀረ።

ይህን መጻፍ ከጀመርሁ ብዙ ቀን ሆነኝ፤ በቀን ጥቂት መስመር እጽፋለሁ። ከላይ ያለውን ለመጻፍ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚህ በኋላ ያለው ይቀለኛል፤ ፈንታሁን የሚያስቅ ሰው ነበርና። ያኔ ግን የቀረልኝ ነገር የሚያስቅ አልነበረም። በሬው ጓሮ ቆሟል። አርባው ይመጣል። አጣራለሁ ያለው ሰው ሄዷል። ማጣራቱ ለእኔ ቀረ።

ፈንታሁን እንጅባራ ከገበያው ጀርባ ወፍጮ ቤት ነበረው። ባለ ወፍጮን የሚያምን ሰው የለም። እህል ያስፈጨች ሴት ሁሉ ዱቄቷን ተሸክማ ስትወጣ ጎደለብኝ ትላለች፤ ያልጎደለባትም ትላለች። ሌላው ባለ ወፍጮ ይህን ሲሰማ በታቦት ይምላል። ፈንታሁን አይምልም። እስከ ክርኑ ነጭ የሆነ እጁን ዘርግቶ ያሳያል።

“ይኸው ዱቄትሽ። በእጅ ያለፈ ነገር እጅ ላይ ሳይቀር አይሄድም። ስንት ቀረ ብለሽ ጠይቂኝ እንጂ፣ ለምን ቀረ ብለሽ አትክሰሽኝ።”

ከዚያ በመጥረጊያ ድንጋዩን ጠራርጎ የቀረውን ጆንያዋ ውስጥ ያራግፍላታል። ሴቲቱ የፊተኛዋን ሰው በቆሎ ከጤፏ ጋር ይዛ ትሄዳለች፤ ግን ደስ ብሏት ትሄዳለች።

ለችግረኛ የሚሰበስብ ሰው ሲመጣም በዚሁ ዐይን ነበር የሚያየው። ይሰርቃሉ ብሎ አልነበረም የሚጠይቃቸው፤ እጅ ላይ ስንት እንደሚቀር ለማወቅ ነው። “ለመኪናችን ነዳጅ ይህን ያህል እናወጣለን” ላለው ይሰጣል። “አንዲት ሳንቲም እጃችን ላይ አትቀርም” ካለው ግን ይሸሻል። “በወፍጮ ውስጥ አልፎ ዱቄት ያልነካው ሰው ወይ መልአክ ነው ወይ ታጥቦ መጥቷል” ይል ነበር።

ስስታም ይሉት ነበር። አልነበረም። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እጁን ለዘረጋ ሰው ስሙን እንኳ ሳይጠይቅ ዱቄት ይሰፍራል። “ለራሱ የሚለምነውን አልጠይቅም፤ ርሃቡን ይዞት ነው የመጣው። የሌላውን ርሃብ ይዤ መጣሁ የሚለውን ነው የምጠይቀው። የታለ? ልየው” ይላል።

ይህች “ልየው” ብዙ ቦታ ወስዳዋለች።

አንድ ጊዜ አንድ ሚኒባስ የታመመ ወጣት ፎቶግራፍ ለጥፎ መጣ። ልጁ ኩላሊቱን ታሞ አዲስ አበባ ሄዶ ኦፕራሲዮን መሆን አለበት ይላሉ። ፈንታሁን ወፍጮውን ትቶ ወጣ።

“ልየው” አላቸው።

“ማንን?”

“በሽተኛውን።”

“ዳንግላ ነው ያለው፣ አባቴ።”

“እናንተስ ወዴት ናችሁ?”

“ወደ ዳንግላ።”

“ጥሩ” ብሎ ገባና ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። እኔ የሰው እህል እንደተከመረ ወፍጮ ቤት በር ላይ ቀረሁ። የሚኒባሱ ልጆች ቀልድ መስሏቸው ነበር። አዲስ ቅዳም ሲደርሱ ግን አልወረደም። ይባስ ብሎ የለፋፊያቸው ድምፅ ተዘጋ። ማጉያውን ተቀበለው አሉ። የነገሩኝ ያዩት ሰዎች ናቸው፤ እሱማ ይህን አልነገረኝም።

“ጎበዝ! እኔ በሽተኛውን ገና አላየሁትም። ሳየው እነግራችኋለሁ። እስከዚያ የምታምኑ ስጡ፤ የማታምኑ ከእኔ ጋር ጠብቁ!”

ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በፊት በየመንደሩ ካገኙት ይልቅ እዚያ ያገኙት በለጠ። የለፋፊው ልጅ ድምፅ ከተመለሰ በኋላም ፈንታሁን ማጉያውን አልመልስም አለ ይባላል።

ማታ ላይ በእህል ጫኝ አይሱዙ ተመለሰ። ድምፁ ሻክሯል፤ ኮቱ የለም። የእንጅባራን ብርድ የሚያውቅ ሰው ኮት ማጣት ምን እንደሆነ ይገባዋል።

“ኮትህስ?”

“አየሁት” አለኝ።

በኋላ ልጁ ታክሞ ድኖ ሊያመሰግነው ወፍጮ ቤት ድረስ መጣ። ፈንታሁን አቅፎ ሳመውና፣ “በል አሁን ጠባሳውን አሳየኝ” አለው። ልጁ በእህል አስፈጪዎች ፊት ሸሚዙን ገለጠ።

ቤተ ክርስቲያንንም አልማረም። ልጃችን በልጅነቷ ታማ በዳነች ጊዜ ባለ ዘርፍ ቀይ ጥላ ተስዬ ነበርና ገዝቶ አስገባልኝ። ከማስገባቱ በፊት ግን በውስጠኛው ዘንግ ላይ አረንጓዴ ክር አሰረበት። በንግሡ ቀን ለስለት የገቡት ጥላዎች ለጨረታ ሲወጡ፣ ክሩን ከሕዝቡ መሃል ሆኖ አየው።

“አባ! ይህ እኮ የእኔ ጥላ ነው!”

ጨረታውን የሚመሩት ቄስ ሞገስ አልደነገጡም። “የእርስዎ አይደለም፣ የታቦቱ ነው።”

“ታቦቱ ይሸጥልኝ አለ?”

“አቶ ፈንታሁን፣ ታቦቱ ጥላስ ሞልቶታል። የጎደለው ጣሪያ ነው። ወይ ይጫረቱ ወይ ይቀመጡ።”

ቆሞ አሰበ። ከዚያ ተጫረተ። ከጥሊሊ የመጣ አንድ እልኸኛ ነጋዴ ተነሣበትና ጥላው ከገዛንበት ዋጋ እጥፍ አልፎ ሄደ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ መሬት መሬት አያለሁ። አሸንፎ ይዞት ወደ ቤት ገባ፤ በዓመቱ መልሶ አስገባው፤ መልሶ ተጫረተው። ቄስ ሞገስ “የፈንታሁን ጥላ” ብለው ሲያወጡት ሕዝቡ እልል ይል ጀመር። የጣሪያው ቆርቆሮ ሲመታ ከሥር ቆሞ ሲያይ ዋለ። “ይህን አይቻለሁ” አለኝ ቤት ገብቶ እግሩን እየታጠበ፣ እንደ ጠገበ ሰው።

አሁን የማልወደውን ልንገራችሁ።

በላይኛው ሰፈር አንድ ድርጅት ቦኖ ሠርቶ ነበር። ውሃው ከምንጭ በቧንቧ ይመጣል፣ ዙሪያው በብረት ታጥሯል፣ ፊት ለፊቱ ከቦኖው የሚበልጥ የድርጅቱ ምልክት ቆሟል። ተመርቆ መኪኖቹ ሲሄዱ ከሰፈሩ ሦስት ሰው ይመረጥና ሳንቲሙን ይጠብቅ ተባለ። መጠገኛ የሚሆን በጀሪካን ትንሽ ትንሽ ይከፈላል። ሕዝቡ መጀመሪያ የመረጠው ፈንታሁንን ነው፤ ከእሱ የበለጠ ጠርጣሪ አልተገኘም። ሁለተኛው ሐጂ እንድሪስ ሆኑ፤ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቧንቧ የሚሸጡ፣ በሚዛናቸው የሚመሰገኑ ሰው። ሦስተኛው መምህር ምንይችል፤ የትምህርት ቤታችን የሒሳብ አስተማሪ ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት በአንድ ሰው እንደማይከፈት ታውቃላችሁ፤ ቁልፎቹ በተለያየ ሰው እጅ ናቸው፣ ሁሉም ካልተሰበሰቡ አይከፈትም። ፈንታሁን የሳንቲሙ ሣጥን እንዲሁ ይሁን አለ። ጥሩ፣ ተባለ። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ ተገጠመለት። ቀጥሎ፣ “ሣጥኑን ቆልፈን ውሃውን ክፍት ትተን ምን ዋጋ አለው? ሳይከፍሉ ከቀዱ ሳንቲሙ ከየት ይመጣል?” አለ። የአጥሩ በርም በእነዚያው ቁልፎች የሚከፈት ሦስት ጓጉንቸር ተገጠመለት።

እንግዲህ በየማለዳው ሦስቱም መገኘት ሊኖርባቸው ሆነ። ሐጂ ከመስጊድ ይመጣሉ፣ ፈንታሁን ከቤተ ክርስቲያን፣ መምህር ምንይችል ከእንቅልፉ። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አሰልፈው መምህሩን ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ከገጠር የገባች ሴት ሦስቱ ተራ በተራ ሲከፍቱ አይታ በአገውኛ አንድ ነገር ተናገረች። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔ አገውኛው ግማሽ ግማሹ ነው የሚገባኝ። ፈንታሁን አጥርቶ ይሰማል፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። ምን አለች ብለው እስኪሞት ድረስ አልተረጎመልኝም።

ከዚያ መምህር ምንይችል ወደ ጫግኒ ተዛወረ። በችኮላ ነው የሄደው፤ ቁልፉም በኪሱ ሄደ። ፈንታሁን ደወለለት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ስለነበር ሁለቱም እየጮኹ ነው የሚያወሩት፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

“በሚኒባስ ልላከው?” አለ መምህሩ።

“በሚኒባስ? ሾፌሩ ሌላ ቁልፍ ቢያስቀርጽበትስ?”

“እንግዲያው እርስዎ መጥተው ይውሰዱት።”

“ጥሩ፣ እመጣለሁ።”

መምህሩ፣ “ግን ጋሽ ፈንታ፣ እንደዚያ ከሆነ እርስዎ እጅ ላይ ሁለት ቁልፍ ሊሆን ነው” አለ።

ፈንታሁን ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ አየው። ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው። “እውነትህን ነው” አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ሌላ ሰው ይመረጥ ሲባል፣ አዲሱ ሰው ቁልፉን የሚረከበው ከማን ነው፣ በማን ፊት ነው የሚል ክርክር ተነሣ። መምህሩ በፋሲካ ራሴ መጥቼ አስረክባለሁ አለ፤ ፋሲካው አለፈ። ልጆች አጥሩን እየዘለሉ ትንሽ ቀን ቀዱ። ከዚያ ቧንቧው የሆነ ቦታ ተሰበረና ጭራሹን ቆመ። ሴቶቹ ወደ ወንዙ ተመለሱ። ምልክቱ ላይ ልብስ ያሰጡበት ጀመር።

ሐጂ አንድ ቀን ወፍጮ ቤት መጥተው፣ “ፈንታሁን፣ ሰብረን እንክፈተውና ይጠገን” አሉት።

“ማን ይስበረው?”

“አንተ ነሃ።”

“ነገ ፈንታሁን የሕዝብ ቁልፍ ሰበረ ይባላል። አንተ ስበረው።”

“እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ወንድሜ። ሳልሰብርም ያሙኛል።”

ተያይተው ሳቁና ሻይ ጠጥተው ተለያዩ። ቁልፉ እንደተቆለፈ ቀረ። ሦስቱም ታማኝ ሰዎች ነበሩ። ሌባ ቢኖርበት ኖሮ ቦኖው ያን ያህል ጊዜ ባልተዘጋ ነበር።

ፈንታሁን ስለዚህ ነገር አላወራኝም። ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በላይኛው ሰፈር ማለፍ ተወ፤ በታች በኩል በጭቃው ይዞራል። የቦኖውን ቁልፍ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አስሮ ነበር። አስቀምጠው ስለው፣ “የሰው አደራ ነው” ይለኛል።

በሞተ ቀን ገላውን ያጠቡት ሰዎች ማተቡን ትተው ቁልፉን ብቻ ፈትተው ሰጡኝ። ሞቅ ያለ መሰለኝ። መቀነቴ ላይ ቋጠርሁት።

ለቅሶ የደረሰ ሰው ሁሉ ሲወጣ በጓሮ በኩል በሬውን አይቶ ይወጣል። ፈንታሁን “የጠገበ እንዳይበላው” ማለቱን አንድ ሁለት ሰው ነግሬ ስለነበር ወሬው ከተማውን አዳርሶታል። አንዱ ለእግር ኳስ ቡድን ማልያ ይሁን አለኝ። የአንድ ማኅበር ሴቶች ደጋግመው መጥተው ሲያጽናኑኝ ሰነበቱና በመጨረሻ በሬው ስንት እንደሚያወጣ ጠየቁኝ። የሩቅ ዘመድሽ ነኝ ያለኝ ጎልማሳ ደግሞ አረጋውያን የሚጦርበት ማኅበር እያቋቋመ መሆኑን በሰፊው አስረዳኝ።

“የታሉ?” አልሁት እንደ ፈንታሁን። “ልያቸው።”

“ለጊዜው የሚታይ ነገር የለም፣ እትዬ። ራእይ ነው።”

ፈንታሁን ቢሆን አንድ ነገር ብሎት ሁላችንም እንስቅ ነበር። እኔ ግን እሺ፣ አስብበታለሁ አልሁት። ሰውየው ከሄደ በኋላ ጓሮ ወጥቼ በሬው አጠገብ ቆሜ አለቀስሁ። በሬው ያኝካል።

የባሰው አያ ዘለቀ ነበር፤ የፈንታሁን ታላቅ ወንድም፣ ግምጃ ቤት አካባቢ የሚያርስ።

“በሬው መቼ ይታረዳል?” አለኝ።

“አይታረድም፣ አያ።”

“ታመመ እንዴ?”

“አልታመመም። ይሸጣል።”

“ይሸጥና ወንድሜ በምን ይዘከር? በሽሮ?”

“የጠገበ ሰው እንዳይበላው ብሏል።”

“ማን ነው የጠገበ? እኔ ነኝ የጠገብሁ?” ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ። “ዘለቀ የወንድሙን አርባ ሽሮ አበላ ሊሉኝ ነው! አንቺ ልጅ፣ ሰው ምን ይላል?”

ሰው ምን እንደሚል እኔም አውቄ ነበር። እሺ በሬው ይታረድ ልል ምንም አልቀረኝም።

አንድ ቀን ሐጂ እንድሪስ ሊያጽናኑኝ መጥተው ገና አጠገቤ እንደተቀመጡ መምህር ምንይችል ከጫግኒ ደረሰ። ዜናውን ዘግይቶ ነው የሰማው። አልቅሶ ተቀመጠና እጁን ኪሱ ከተተ። አንድ ቁልፍ አወጣ።

“ይዤው መጣሁ” አለ። “ግን ጋሽ ፈንታ የሉም። ያለ እሳቸው እንዴት ይከፈታል?”

ሐጂም ቀስ ብለው ከኪሳቸው የራሳቸውን አወጡ። እኔ መቀነቴን ፈታሁ። መምህሩ ከሄደ ጀምሮ ሦስቱ ቁልፎች አንድ ቤት ሲገኙ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ሐጂ፣ “አላህ ይዘንለትና፣ አሁን ቢያየን በማን ፊት ነው የምትረካከቡት ይለን ነበር” አሉ። በለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነው፤ ሦስታችንም ፊታችንን ሸፍነን ሳቅን።

በሬውን የት እንደማደርገው ያን ጊዜ ታየኝ። የውሃ ጥም ራእይ አይደለም። ሴቶቹ ከወንዝ ሲወጡ በየማለዳው አያቸዋለሁ።

በሬውን ሸጬ ቦኖውን ላስጠግን ብዬ ቄስ ሞገስን ሄጄ ጠየቅኋቸው። ፍትሐቱ ይደረግ፣ ካህናቱና ነዳያኑ የሚቀምሱት ይዘጋጅ፣ የቀረውን እንደ አልሽው አድርጊው አሉኝ። አያ ዘለቀ ይህን ሰምቶ በነጋታው በሬውን ራሱ ፈትቶ ገበያ ወሰደው። ለምን ስለው፣ “አንቺማ ያታልሉሻል” አለኝ። ከገዢው ጋር ቀኑን ሙሉ ተከራክሮ እኔ ከገመትሁት በላይ ሸጠው፤ ማታ ኩራቱ ኀዘኑን አስረስቶት ነበር።

ቧንቧ ሠሪ አመጣን። ሐጂና መምህር ምንይችል በሩ ላይ ቆመው የቁልፉ ነገር እንዴት ይሁን፣ ዛሬ ይከፈት ወይስ በአርባው በሕዝብ ፊት እያሉ ሲመካከሩ ሠሪው አጥሩን በአንድ ዝላይ ተሻግሮ ሥራውን ጀመረ። ሁለቱ ተያዩ። ሐጂ ፂማቸውን ዳሰሱ።

ዕቃውን የገዛሁት ከሐጂ ሱቅ ነው። ወዲያው ወሬ ተነሣ፤ ኮሚቴው ራሱ ሻጭ ሆነ ተባለ። ሐጂ ይህን ሰምተው፣ “ሙሉ፣ አንዲት ሳንቲም አላተርፍብሽም” አሉኝ።

“እንደሱ አይበሉ፣ ሐጂ” አልኋቸው። “ትንሽ ያትርፉ። ምንም አላተርፍም ካሉማ እኔም እጠረጥርዎታለሁ።”

ሐጂ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ትንሽ አተረፉ፤ ስንት እንዳተረፉም ነገሩኝ።

አርባው ደረሰ። ፍትሐቱ ተደርጎ ካህናቱና ነዳያኑ ከበሉ በኋላ የእድሩ ድንኳን ሞላ። ሰው ሁሉ የሥጋ ሽታ እየፈለገ አፍንጫውን ሲያነሣ አያለሁ። ዳቦ፣ ቆሎና ጠላ ቀረበ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤቱን፣ “ጥሬ ሥጋው በኋላ ይሆን?” ሲሉት ሰማሁ። ከዚያ ቄስ ሞገስ ተነሥተው ሁላችንም ወደ ላይኛው ሰፈር እንውጣ አሉ።

በሕዝቡ ፊት ሐጂ ቁልፋቸውን አስገቡ። አልዞረም። መምህሩ ሞከረ፤ አልዞረም። የፈንታሁንን እኔ አስገባሁት፤ ጭራሽ ውስጥ ተሰበረ። ጓጉንቸሮቹን ዝገት በልቷቸው ነበር። የሦስት ታማኝ ሰው ቁልፍ ተሰብስቦ አንድ በር አልከፈተም። አያ ዘለቀ ከብረታ ብረት ቤት ባለ መቁረጫ ጠርቶ አስመጣ። ሦስቱንም ጓጉንቸር ቆርጦ ሲጥል አንድ ዳቦ ቆርሶ የመብላት ያህል እንኳ አልፈጀበትም።

ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ከዚያ ቀይ ጭቃ፣ ከዚያ ውሃ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ የሞተ ሰው አርባ መሆኑ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን ያዙ፤ ከዚያ መልሰው እልል አሉ። ሽማግሌው በጣሳ ተቀብለው ጠጡና፣ “አርባ ብለሽ ጠርተሽ ውሃ አጠጣሽን?” አሉኝ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት አያ ዘለቀ ደረቱን ነፍቶ ፊት ቆመ።

“ውሃ አይደለም! የምትጠጡት የወንድሜን በሬ ነው! በሬ ነው የምትጠጡት!” ብሎ ጮኸ። ከዚያ ድምፁ ተሰበረና ምልክቱን ተደግፎ አለቀሰ። አብረነው አለቀስን።

ምሽት ላይ ማን ይጠብቀው የሚል ነገር ተነሣ። አንድ ሰው፣ “ሦስት ቁልፍ” አለ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ጮኸበት። ፈንታሁን ሕጉን ያወጣው በቅንነት እንደነበር ለመናገር ተነሥቼ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነገር ሆነ። “እኔ እቀመጣለሁ” አልሁ። “የምትጠረጥሩኝ መጥታችሁ እዩኝ።”

ያዩኛል። አንዳንዷ ጀሪካኗን ከሞላች በኋላም ትንሽ ቆማ፣ ሳንቲሙን የት እንደማደርገው ሳትደብቅ ትመለከታለች። አይከፋኝም። ከሣጥኑ ለራሴ የሚሰጠኝ ትንሽ ነገር አለች፤ ስንት እንደሆነ ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ነጠላዬን ደርቤ ወደ ላይኛው ሰፈር እወጣለሁ። በርጩማ ላይ ተቀምጬ አንዱ ጀሪካን ሲሞላ ቧንቧውን እዘጋለሁ፤ ሌላው ሲመጣ እከፍታለሁ።